ሥራ ሲቆም ቤቱን ማን ያቆማል?
ኮሮና ያስተማረን የገቢ ዋስትና ትምህርት፤ ዛሬም ለቤተሰብዎ ይጠቅማል

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው በዚያ ዕለት ነው። ሰኞ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት አይረሷቸውም። በየበሩ የተቀመጠው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን፣ የሳኒታይዘር ወረፋ፣ ያለ እንግዳ ያለፈው ፋሲካ ሁሉ ትዝ ይሎታል። ከሁሉ በላይ ግን በብዙ ቤት ማታ ማታ በሹክሹክታ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ነበር። «ደመወዝ ባይገባስ?»

በሽታው አለፈ፤ ጥያቄው ግን አላለፈም። ሥራ በበሽታ ብቻ አይቆምም። ድርጅት ይከስራል፣ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ መንገድ ይዘጋል። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ነገ ጠዋት «ለጊዜው ቤትዎ ይቆዩ» ቢባሉ ከማን፣ ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያገኙ ያውቃሉ? ብዙዎቻችን አናውቅም። ኮሮና ግን መልሱን አንድ ጊዜ በተግባር አሳይቶናልና እስቲ ወደዚያ ዘመን መለስ ብለን እንየው።

አንድ ቤተሰብ፣ አራት ዕጣ

ለማስረዳት እንዲመቸን አንድ ቤተሰብ እናስብ። መነሻው ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ነው፤ በቅኔ ትምህርት ቤቱ ስሙ የሚነሳው አገር። እናትና አባት እዚያው በእርሻቸው ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ልጅ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው። ሁለተኛዋ በባሕር ዳር አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ሦስተኛው በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን አቅራቢያ በቨርጂኒያ ግዛት ታክሲ ይነዳል። የመጨረሻዋ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ በአንድ ቤተሰብ ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጥራለች። የብዙዎቻችን ዘመድ አዝማድ እንዲህ የተበተነ በመሆኑ ታሪኩ ለእርስዎም ሩቅ አይደለም።

አራቱም በአንድ ሰሞን ሥራቸው ቆመ። ያገኙት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነበር።

መምህሩ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ደመወዙ አልተቋረጠም። የመንግሥት ሠራተኛ ነውና ቤቱ ሆኖ በየወሩ ይቀበላል። በዚያን ጊዜ የግል ትምህርት ቤት መምህራን ዕጣ ይህን ያህል የተረጋገጠ አልነበረም። የእነሱ ደመወዝ ከወላጅ ኪስ የሚወጣ በመሆኑ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የወርሃዊ ክፍያውን ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ ሲወስን በወላጅና በትምህርት ቤት መካከል የነበረው ክርክር ትዝ ይሎታል። ወላጅ የሚቆጥባት ብር የመምህሩ ደመወዝ ነበረች።

የሌሎቹን የሦስቱን ዕጣ ተራ በተራ እንመልከት።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ሕጉ ምን ሰጣት?

መጀመሪያ አንድ እውነት በግልጽ እንናገር። በኢትዮጵያ የሥራ አጥነት መድን የሚባል የለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቁጥር 102 ስምምነት ውስጥ ከተዘረዘሩት ዘጠኝ የማኅበራዊ ዋስትና ዘርፎች አንዱ የሥራ አጥነት ክፍያ ነው። የእኛ አገር ጡረታ ግን ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሟች ቤተሰብ እንጂ ሥራ ላጣ ሰው አይከፍልም። ከደመወዝዎ በየወሩ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዎ ደግሞ 11 በመቶ ቢገባም ሥራዎን ባጡ ማግስት ከዚያ ላይ የሚወጣ ወርሃዊ ገንዘብ የለም።

ታዲያ እንግዳ ተቀባይዋ ባዶ እጇን ቀረች ማለት ነው? አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ነበሯት።

አንደኛው ጊዜያዊ ከለላ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ማስፈጸሚያ ደንቡ፣ ቁጥር 466/2012፣ አሠሪዎች በወቅቱ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው የኮቪድ የሥራ ቦታ ፕሮቶኮል ውጪ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከለከለ። ያው ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር አግዶ ነበር። በዚያው ሰሞን ሥራቸው ቆሞም ደመወዝ መክፈላቸውን ለቀጠሉ ድርጅቶች መንግሥት የአራት ወር የደመወዝ ግብር ምሕረት ሰጠ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ለሠራተኛው በቀጥታ ከመክፈል ይልቅ ከአሠሪው ጋር ያለው ገመድ እንዳይበጠስ ማድረግ።

ሁለተኛው ዛሬም በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አብዛኛው የግል ድርጅት ሠራተኛ መብቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው። እርስዎም የግል ሠራተኛ ከሆኑ ቀጥሎ ያለውን ረጋ ብለው ያንብቡት።

መታገድና መሰናበት አንድ አይደሉም

«ቤትዎ ይቆዩ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። አንዱ የሥራ ውል መታገድ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ ወይም በአሠሪው ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ሲፈጠርና ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ፣ አሠሪው ውሉን ለጊዜው ማገድ ይችላል። በእገዳው ጊዜ ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ግን በዘፈቀደ አይደለም፤ ምክንያቱን በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት፣ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። ጊዜው ሲያልቅ እርስዎ በማግስቱ ሥራ ቦታ መገኘት፣ እሱም መልሶ መቀበል ግዴታችሁ ነው። ድርጅቱ መቀጠል እንደማይችል ከታወቀ ውሉ ይቋረጣል፤ የስንብት ክፍያም ይከተላል።

ሌላው ቅነሳ ነው። የሥራ መቀዝቀዝ የተወሰኑ ሠራተኞችን ለማሰናበት ሲያስገድድ አሠሪው ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። የሚቀነሰውም አለቃ ደስ ያላለው ሰው አይደለም። የሥራ ችሎታና ምርታማነት ያለው ቅድሚያ ይቆያል። እኩል ሲሆኑ አጭር አገልግሎት ያላቸውና ጥቂት ጥገኛ ያላቸው ቀድመው ይወጣሉ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሠራተኛ ተወካዮችና በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ከመጨረሻዎቹ መካከል ናቸው። በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እንግዳ ተቀባይዋ 7 ዓመት ሠርታ በቅነሳ ተሰናበተች እንበል። የቀን ደመወዟ 400 ብር ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፦ 12,000 ብር።

ለቀሩት 6 ዓመታት፣ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 4,000 ብር፦ 24,000 ብር።

በቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት ለተሰናበተ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ፦ 24,000 ብር።

ድምሩ 60,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ ያልተጠቀመችበት የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይታሰብላታል። ግብር እንደሚቆረጥበት ግን አይዘንጉ። በአገልግሎት ዘመን ላይ ተመሥርቶ የሚከፈለው የስንብት ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ መብለጥ አይችልም።

ይህ ገንዘብ እንደ አሜሪካው በየሳምንቱ የሚገባ ድጎማ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል። የአምስት ወር ደመወዝ ነው። በጥንቃቄ ከያዙት አምስት ወር ያኖራል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሶፋ ከቀየሩበት ግን አንድ ወርም አይዘልቅ።

ቀን ይቆጠራል

ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ሕግ ስለሌለ ሳይሆን ጊዜ ስላለፈበት ነው። ውልዎ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልዎ የሚገባው ሁሉ መከፈል አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ፍርድ ቤት ሊወስንበት ይችላል። «ያለ አግባብ ተባረርኩ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚሉ ከሆነ ክሱን ማቅረብ ያለብዎ በ3 ወር ውስጥ ነው። የገንዘብ ጥያቄ ከሆነ 6 ወር። «ሰውዬው ዘመዴ ነው፣ ይከፍለኛል» ብለው ሲጠብቁ ጊዜው ያልፋል። ሽምግልናውን ይሞክሩት፤ ቀኑንም ይቁጠሩት። የሥራ ክርክር ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም።

ታክሲ ነጂው፦ ብቁ ያልነበረው ብቁ ሲሆን

ሦስተኛው ልጅ ያለበት አገር የሥራ አጥነት መድን ያለው ነው። ሆኖም እስከዚያ ዓመት ድረስ ይህ መድን ለእሱ አልነበረም። የአሜሪካው ክፍያ የተሠራው በድርጅት ተቀጥሮ ደመወዝ ለሚቀበል፣ አሠሪውም መዋጮ ለሚከፍልለት ሰው ነው። ታክሲ ወይም የመተግበሪያ መኪና የሚነዳ ሰው በሕጉ ዓይን የራሱ አሠሪ ነው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። አውሮፕላን ሲቆም፣ ቢሮ ሲዘጋ፣ ተሳፋሪ ጠፋ።

መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2020) «ኬርስ አክት» የተባለው ሕግ ተፈረመ። ለመጀመሪያ ጊዜ በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች በበሽታው ምክንያት ሥራ ካጡ ጊዜያዊ ክፍያ እንዲያገኙ ፈቀደ። መጀመሪያ እስከ 39 ሳምንት ድረስ ነበር፤ በኋላ ተራዝሞ እስከ መስከረም 2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቀጠለ። በዚያ ላይ እስከ ሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ በየሳምንቱ 600 ዶላር ተጨማሪ ይከፈል ነበር።

ብቁ ለመሆን ምን ያስፈልግ ነበር? የሥራ ፈቃድ፣ ከበሽታው ጋር የተያያዘ የሥራ ማጣት፣ በየሳምንቱ «አሁንም ሥራ የለኝም፣ ያገኘሁት ገቢ ይህ ነው» ብሎ ማረጋገጥ፣ ያለፈውን ዓመት ገቢ የሚያሳይ ማስረጃ። «ብጠይቅ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ችግር ያመጣብኛል» ብለው የፈሩ ብዙዎች ነበሩ። ክፍያው ግን ሰው ለመንግሥት ሸክም ይሆናል ተብሎ ከሚቆጠርባቸው ድጎማዎች ውስጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። ሳምንታዊ ክፍያው የሚሰላው ነጂው ለግብር ባሳወቀው የተጣራ ገቢ ላይ ነበር። በደጉ ዘመን ግብር ለመቀነስ ገቢውን አሳንሶ ያሳወቀ ሰው በክፉ ቀን ዝቅተኛው ተከፈለው። ቅጹን በቅጡ ሳይሞላ የወሰደ ደግሞ በኋላ «ያለ አግባብ ተከፍሎሃል፣ መልስ» የሚል ደብዳቤ ሊደርሰው ይችል ነበር።

ይህ ለእኛም ይሠራል። ድርጅትዎ ደመወዝዎን በውሉ ላይ 6,000 ብር ጽፎ የቀረውን «በአበል» ወይም በእጅ የሚሰጥዎ ከሆነ ዛሬ ግብር ቀነሰልዎት ይሆናል። ግን የትራንስፖርት አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ጉርሻና ኮሚሽን በሕጉ እንደ ደመወዝ አይቆጠሩም። የስንብት ክፍያዎም፣ ጡረታዎም የሚሰላው በ6,000ው ላይ ነው። ለእንግዳ ተቀባይዋ የሠራነውን ስሌት በግማሽ ደመወዝ ቢሠሩት 60,000ው 30,000 ይሆናል።

ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በደቡብ አፍሪካ ያሉ ወገኖቻችንም አይተዋል። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. መንግሥት ምንም ገቢ ለሌላቸው በወር 350 ራንድ መስጠት ሲጀምር ጥገኝነት ጠያቂዎች አልተካተቱም ነበር። የተካተቱት በሰኔ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ ነው፤ ያውም ጊዜው ያላለፈበት ሰነድ ለያዙት።

የመጨረሻዋ ልጅ በእርስዎ ቤት

አሁን ወደ አራተኛዋ እንምጣ። ይህኛው ክፍል ለሠራተኞች ሳይሆን ለአሠሪዎች ነው፤ ማለትም ለእኔና ለእርስዎ።

የቤት ሠራተኛ በአዋጅ 1156/2011 አትሸፈንም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት የሚባለው ቅጥር በሌላ ደንብ እንዲወሰን ተብሎ ከአዋጁ ወጥቷል። ስለዚህ የ30 ቀኑ ስሌት የለም፣ የ60 ቀኑ ጭማሪ የለም፣ ጡረታ የለም። በኮሮና ሰሞን በአንዳንድ ቤት «ትመላለሻለሽ፣ በሽታ ታመጪብናለሽ» ተብላ የተሰናበተች ልጅ ይዛው የወጣችው የወሩን ደመወዝ ብቻ ነበር። በሌላ ቤት ደግሞ «ከእኛ ጋር ቆዪ፣ ያለንን እንካፈላለን» ተብላለች። ልዩነቱን የወሰነው የባለቤቶቹ ልብ እንጂ ሕግ አልነበረም።

እርስዎ ለራስዎ ከአሠሪዎ የሚጠብቁትን ለእሷ ማድረግ ይችላሉ። ደመወዟ በየወሩ እንጂ «ሲጠራቀም» አይሁን፤ በስሟ የባንክ ሒሳብ ያስከፍቱላት። ከማሰናበትዎ በፊት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይስጧት። በሠራችበት ዓመት ልክ ጥቂት የስንብት ገንዘብ ይጨምሩላት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ልጆችዎን ያሳደገች ሰው ሒሳብ ነው።

ሕግ በሌለበት ማን ደረሰ?

መደበኛ ቅጥር የሌለው ሰው፣ ማለትም የቀን ሠራተኛው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ሊስትሮው፣ ከመንግሥት ያገኘው ነገር ቢኖር በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ይህ ፕሮግራም ከበሽታው በፊት በዓለም ባንክ ድጋፍ በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች የተጀመረ ሲሆን ደሴም አንዷ ነበረች። ተጠቃሚው የሚመረጠው በቀበሌና በወረዳ በድህነት ደረጃው ነው እንጂ ሥራ በማጣቱ አይደለም። ትናንት ደህና ደመወዝ የነበረው ሰው ዛሬ ሥራ ቢያጣ ወደዚያ ዝርዝር አይገባም። መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ልብ ሊለው የሚገባው ይህንን ነው። ለድጎማ ደሃ አይደለንም፣ ለችግር ግን ሀብታም አይደለንም።

ክፍተቱን የሸፈነው እርስ በርሳችን ነው። በአዲስ አበባ «ማዕድ ማጋራት» ተባለ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዘይትና ዱቄት አወጣ። ለቀብር ተብሎ የተጠራቀመ የእድር ገንዘብ ለተቸገረ አባል አስቤዛ የሆነበት ሰፈር ነበር። ደብረ ኤልያስን በመሰለ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪው ከሩቅ አገር መጥቶ ዓመታት የሚቆየው በየደጁ በሚሰጠው እህልና ቁራሽ ነው። ማንም ሳይመዘግበው፣ ማንም ብቁ ነህ ወይ ሳይለው አገር ይመግበዋል። ምሳሌ ያደረግነው ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ታክሲ ነጂው ከደረሰው ክፍያ ቀንሶ ለእህቱ ይልካል፣ መምህሩ ከደመወዙ ያካፍላል፣ እናት ከጎተራዋ ጤፍ አስጭና ባሕር ዳር ትልካለች። የአንዱ ዋስትና የሌላው ዋስትና ሆነ።

ግን እውነቱን እንናገር። የዘመድ ድጋፍ አንድ ሰው ሲወድቅ ያነሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ማን ያነሳል? ወረርሽኝ ልዩ የሚያደርገው ይህ ነው። አራቱ ልጆች ሁሉ የቀን ሠራተኞች ቢሆኑ ኖሮ የሚልክ አይኖርም ነበር። እንደ እድራችን ሰፋ ያለ፣ ሠራተኛም አሠሪም ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡበት የሥራ አጥነት መድን ለአገራችን መነጋገሪያ ሊሆን የሚገባው ለዚህ ነው።

በዚህ ሳምንት የሚሠሩት

እስከዚያው ድረስ ግን ቤትዎን ያዘጋጁ። በቡና ሰዓት ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ የሚከተሉትን አድርጉ።

አንድ፣ የሁለታችሁንም የሥራ ውል አውጡና አንብቡ። ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ ላልተወሰነ? ደመወዙ በትክክል ተጽፏል? የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው የቅጥር ሁኔታውን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጥ ጠይቁ።

ሁለት፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የጡረታ መለያ ቁጥርና መታወቂያ በአንድ ፋይል ይቀመጡ። ፎቶ አንስታችሁ በስልክም ያዙ።

ሦስት፣ ጡረታችሁ በእርግጥ እየገባ መሆኑን አረጋግጡ። ከደመወዝ ላይ ተቆረጠ ማለት ገባ ማለት አይደለም።

አራት፣ «ዛሬ ብንሰናበት ስንት ይደርሰናል?» የሚለውን ከላይ ባለው ስሌት ሥሩት። ከዚያ የወር ወጪያችሁን አስሉና ለስንት ወር እንደሚበቃ እዩ።

አምስት፣ የጎደለውን ወር በቁጠባ ሙሉ። ሦስት ወር የሚያኖር ገንዘብ ግብ ይሁን። እቁብ ጥሩ ነው፤ ግን ተራ የሚጠበቅበት ስለሆነ ለድንገተኛ ችግር አይደርስም። ለዚህ የሚሆነው በማንኛውም ቀን ሊወጣ የሚችል የባንክ ወይም የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ነው።

ስድስት፣ በእድራችሁ ስብሰባ «አባል ሥራ ቢያጣስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሞተ ድንኳን የሚተክል እድር ለቆመ ሰው ዱቄት መግዛት አያቅተውም።

በ2012 ዓ.ም. ማታ ማታ በሹክሹክታ የተነሳው ጥያቄ እንደገና ሲመጣ መልሱ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይጠብቃችሁ።